መድን በሌለው ተሽከርካሪ የሚደርስ አደጋ፦ ጥፋተኛው ማን ነው? ካሳውንስ ማን ይከፍላል?

በሀገራችን መንገዶች ላይ የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን ሊኖረው እንደሚገባ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተደንግጓል። ሽፋን ሳይኖር ማሽከርከር በራሱ በወንጀል ያስጠይቃል። ይሁንና ይህ ግዴታ ሳይከበር ቀርቶ አደጋ ሲደርስ በተጎጂዎችና በአሽከርካሪዎች ዘንድ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይስተዋላሉ። የመጀመሪያው፣ መድን የሌለው አሽከርካሪ ምንጊዜም ጥፋተኛ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ መድን ከሌለ ካሳ አይኖርም የሚለው ነው። ሁለቱም ከሕጉ ጋር አይጣጣሙም። ስለሆነም ጥፋተኛው ማን ነው፣ በሕግ ኃላፊ የሚሆነው ማን ነው፣ ገንዘቡስ ከየት ይከፈላል የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ለያይቶ መመልከት ያስፈልጋል።

1. መድን አለመኖር እና ጥፋት

ጥፋት የሚለካው አደጋው በደረሰበት ወቅት በነበረው አነዳድና ሁኔታ ነው። ቀይ መብራት የጣሰ፣ ለእግረኛ ቅድሚያ የከለከለ ወይም ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ያሽከረከረ ሰው መድን ቢኖረውም ጥፋተኛ ነው። በአንጻሩ ደንብ አክብሮ ቆሞ ሳለ ከኋላው የተገጨ አሽከርካሪ መድን ባለመግባቱ ብቻ ለግጭቱ ጥፋተኛ አይሆንም፤ ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ የመጠየቅ መብቱን አያጣም። መድን ሳይኖረው በማሽከርከሩ ግን በተለየ ክስ ይጠየቃል።

2. በሕግ ኃላፊ የሚሆነው ማን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ማንኛውም ሰው ካሳ እንዲከፍል በአንቀጽ 2028 ይደነግጋል። በዚህ መሠረት አሽከርካሪው ጥፋቱ ከተረጋገጠ ኃላፊ ይሆናል።

የባለቤቱ ኃላፊነት ከዚህ ይሰፋል። በአንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ የሚሆነው ራሱ ባያጠፋም ነው። ተሽከርካሪውን ያሽከረከረው እርሱ ያልፈቀደለት ሰው መሆኑም ከኃላፊነት አያድነውም። ነጻ የሚወጣው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። እንዲሁም በአንቀጽ 2086 መሠረት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ኃላፊነቱ በዚያው ልክ ይቀራል ወይም ይቀንሳል። አሽከርካሪው ተቀጣሪ ሆኖ በሥራው ላይ ሳለ ጉዳት ካደረሰ ደግሞ አሠሪው አብሮ ሊጠየቅ ይችላል።

ስለዚህ መድን ሳይገባ መኪናውን ለዘመድ ወይም ለጓደኛ የሚያውስ ባለቤት «እኔ አላሽከረከርኩም» በማለት ከካሳ ክፍያ ሊያመልጥ አይችልም።

3. ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ

በአንቀጽ 2084 መሠረት ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል፤ ጠቅላላ ጉዳቱንም በግማሽ በግማሽ ይሸከማሉ። አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ግን ይህ ግምት ተፈጻሚ አይሆንም።

ለምሳሌ መድን ባለው ተሽከርካሪ ላይ የ200,000 ብር፣ መድን በሌለው ላይ ደግሞ የ100,000 ብር ጉዳት ደረሰ እንበል። ጠቅላላ ጉዳቱ 300,000 ብር ነው። ጥፋተኛው ካልታወቀ እያንዳንዱ ወገን 150,000 ብር ስለሚሸከም፣ መድን የሌለው ባለቤት የራሱን ጉዳት ችሎ ለሌላኛው 50,000 ብር ይከፍላል። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእርሱ አሽከርካሪ መሆኑ ከተረጋገጠ 200,000 ብሩን በሙሉ ይከፍላል። ጥፋቱ የሌላኛው አሽከርካሪ ከሆነ ደግሞ መድን የሌለው ባለቤት 100,000 ብር ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሁኔታዎች የሚከፍለው ግን የሚጋራው መድን ሰጪ ሳይኖር ከራሱ ሀብት ነው።

4. ተጎጂው ካሳ የሚያገኝባቸው መንገዶች

አስቸኳይ ሕክምና፦ በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው፣ ተሽከርካሪው መድን ቢኖረውም ባይኖረውም፣ አዋጁ በሚፈቅደው የገንዘብ ጣሪያ ውስጥ አስቸኳይ ሕክምና በነጻ የማግኘት መብት አለው። የጤና ተቋም «መጀመሪያ ገንዘብ አስይዙ» ብሎ ይህን ሕክምና መከልከል አይችልም።

የመድን ፈንድ፦ አደጋውን ያደረሰው ተሽከርካሪ መድን ከሌለው ወይም አድርሶ ከማምለጡ የተነሣ ማንነቱ ካልታወቀ፣ ለአካል ጉዳትና ለሞት የሚከፈለው ካሳ በመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት በኩል ይጠየቃል። ፈንዱ የተቋቋመው ተጎጂዎች ያለ ካሳ እንዳይቀሩ እንጂ መድን ያልገባውን ባለቤት ከዕዳ ነጻ ለማውጣት አይደለም። ለተጎጂው የከፈለውን ገንዘብ ከኃላፊው ላይ መልሶ የመጠየቅ መብት አለው። የንብረት ጉዳት የደረሰበት ሰው ግን ጥያቄውን ለአሽከርካሪውና ለባለቤቱ ማቅረብ ይኖርበታል።

ፍርድ ቤት፦ በአዋጁ መሠረት የሚከፈለው ካሳ ጣሪያ አለው። ጉዳቱ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ተጎጂው ቀሪውን በፍትሐ ብሔር ክስ ከኃላፊዎቹ መጠየቅ ይችላል። ተከሳሹ ተሽከርካሪውን ወይም ሌላ ንብረቱን ሊያሸሽ ይችላል የሚል በቂ ምክንያት ካለ፣ ከፍርድ በፊት ንብረቱ እንዲከበር ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይቻላል። በወንጀል ክሱ ላይ ጣልቃ ገብቶ ካሳ መጠየቅም በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ተፈቅዷል። አሽከርካሪው በወንጀል ነጻ መውጣቱ ብቻውን የካሳ ክሱን አያስቀርም።

5. ጊዜው እንዳያልፍ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ በወንጀል የሚያስቀጣና በወንጀል ሕግ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ የተደነገገለት ከሆነ ረዥሙ ጊዜ ይሠራል።

ብዙ ቤተሰቦች መብታቸውን የሚያጡት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ሽምግልና የተከበረ ባህላችን ቢሆንም፣ ሽማግሌዎች ጉዳዩን ይዘውታል ተብሎ ዓመታት ሲያልፉ ይርጋው መቆጠሩን አያቆምም። እንዲሁም ተጎጂው ገና በሕክምና ላይ ሳለ ወይም ቤተሰብ በሐዘን ላይ ሳለ «ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም» የሚል የዕርቅ ሰነድ መፈረም፣ ኋላ የሚታወቀውን ዘላቂ የአካል ጉዳት ካሳ ሊያሳጣ ይችላል። የጉዳቱ መጠን በሐኪም ማስረጃ ሳይረጋገጥና የሕግ ምክር ሳይጠየቅ እንዲህ ዓይነት ሰነድ ባይፈረም ይመረጣል።

6. አደጋ ሲደርስ ምን ማድረግ ይገባል?

• ለተጎዱት ቅድሚያ ይስጡ። ፖሊስን በ991፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስን በ907 ይጥሩ። ጉዳት ያደረሰ አሽከርካሪ ተጎጂውን ሳይረዳ ከሸሸ ቅጣቱ ይከብድበታል።

• ሕይወት ለማዳን ካላስፈለገ በስተቀር ትራፊክ ፖሊስ የአደጋውን ፕላን እስኪያነሣ ድረስ ተሽከርካሪዎቹን ከቦታቸው አያንቀሳቅሱ።

• የሰሌዳ ቁጥሩን፣ በፊት መስታወቱ ላይ የመድን ተለጣፊ መኖር አለመኖሩንና የምስክሮችን ስምና ስልክ ይመዝግቡ፤ ከተቻለም ፎቶግራፍ ያንሡ።

• የሕክምና ማስረጃዎችንና የወጪ ደረሰኞችን ይሰብስቡ፤ የፖሊስ ሪፖርት እንዲሰጥዎትም ይጠይቁ። ሞት ደርሶ ከሆነ የሞት ምስክር ወረቀትና የወራሽነት ማስረጃ ያዘጋጁ።

የካሳ ጣሪያዎች በየጊዜው ሊሻሻሉ ስለሚችሉ፣ ጥያቄ ከማቅረብዎ በፊት በሥራ ላይ ያለውን መጠን ከአገልግሎቱ ያረጋግጡ። ተሽከርካሪ ያላችሁ ዜጎችም የመድን ሽፋናችሁ የሚያበቃበትን ቀን አስቀድማችሁ በመመልከት በወቅቱ እንድታሳድሱ እናሳስባለን። ለአንድ ዓመት የሚከፈለው አረቦን በአንድ አደጋ ከሚመጣ የካሳ ዕዳ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው።