ክንፍ በሣጥን

በአሜሪካ ኦሪጎን ግዛት አውሮራ ከምትባል ትንሽ ከተማ ረጃጅም ሣጥኖች እየተጫኑ ወደየሰዉ ቤት ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ሣጥን ሲከፈት የሚወጣው በጥንቃቄ የታሸገ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ በየከረጢቱ የተለየ ሪቬት፣ ብሎንና ዳዶ፣ ከዚያም ወፈር ያለ የሥራ መመሪያ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ የአውሮፕላን ጅራት ይሆናል። ጅራቱን የጨረሰና ልቡ ያልቀዘቀዘ ሰው የክንፉን ሣጥን ያዛል፤ ቀጥሎ የአካሉን፤ በመጨረሻም የማጠናቀቂያውን። ሞተሩ፣ ፕሮፔለሩና የበረራ መሣሪያዎቹ ለብቻ ይገዛሉ። በጅራት መጀመር ደግሞ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ከሁሉም ርካሹ ክፍል ስለሆነ ሥራው የማይሆንለት ሰው ብዙ ሳይከስር ይመለሳል።

ሣጥኖቹን የሚልከው ቫንስ ኤርክራፍት የተባለው ድርጅት ነው። መሥራቹ ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን ለራሱ የሠራት ባለ አንድ መቀመጫዋ አር ቪ-3 በሌሎች አብራሪዎች ዘንድ ተወደደችና እ.ኤ.አ. በ1973 ነገሩ ሥራ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አራት ሰው የምትይዘውን አር ቪ-10ን ጨምሮ በየዓይነቱ ከ11 ሺህ በላይ አር ቪዎች ተሠርተው በርረዋል።

ፋብሪካ ያዘጋጀውን መገጣጠም ምን ሙያ አለው የሚል አይጠፋም። በሣጥን የሚመጣው ኪት ግን ከሠሪው ትከሻ ላይ ያወረደው ስሌቱን እንጂ ድካሙን አይደለም። ክንፉ ምን ያህል እንደሚሸከም፣ ሚዛኑ የት ላይ እንደሚያርፍ መሐንዲሶቹ ጨርሰውታል። ቀዳዳዎቹም በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ስለተበሱ የሁለቱ ላሜራዎች ቀዳዳ ከገጠመ ቅርጹ ልክ መጥቷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ ውስጥ ራሱ የሠራው አውሮፕላን ዜና የሆነለት አስመላሽ ዘፈሩ እንዲህ ያለ ሣጥን አልነበረውም። በእኔ አስተያየት ያ ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ድፍረት ነው።

ድካሙ ለሠሪው የተተወው በሕግም ጭምር ነው። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በአማተር የተሠራ ብሎ የሚመዘግበው፣ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብሎ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ክፍል በራሱ እጅ የሠራውን አውሮፕላን ነው። ሠሪዎቹ ይህን የ51 በመቶ ደንብ ይሉታል። ገንዘብ ያለው ሰው ሌላውን ቀጥሮ አሠርቶ «እኔ ሠራሁት» እንዳይል የተበጀ አጥር ነው።

ሥራው ራሱ በአብዛኛው ሞረድ ነው። የእያንዳንዱ ላሜራ ጠርዝና የእያንዳንዱ ቀዳዳ አፍ መለስለስ አለበት፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከጭረት ነውና። ከዚያ ክፍሎቹ ክሌኮ በሚባሉ ባለ ስፕሪንግ ጊዜያዊ መያዣዎች ይያያዛሉ፤ ክንፉ በዚህ ሰዓት ጃርት ይመስላል። ተፈትቶ፣ የሪቬቱ ራስ ከላዩ ጋር እኩል እንዲተኛ ቀዳዳው ጎድጎድ ተደርጎ፣ እንደገና ይገጠማል። ከመገጠሙ በፊት ውስጡ አንቲሩጂን ይቀባ ወይስ አይቀባ የሚለው ክርክር ወዳጅ ከወዳጅ ሲያኳርፍ የኖረ ነው፤ እዚያ ውስጥ አልገባም።

ሪቬት መምታት ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ በውጭ በኩል በአየር የሚሠራውን መምቻ ይይዛል። ሌላው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሚስት፣ ባል ወይም እጁ ቀጭን የሆነ ልጅ፣ ክንዱን ወደ ውስጥ ሰዶ የተወለወለ ብረት ከሪቬቱ ጭራ ላይ ይደግፋል። የተደፈጠጠው ጭራ ስፋቱ የሪቬቱን ውፍረት አንድ ተኩል ጊዜ፣ ከፍታው ግማሹን መሆን አለበት። የተጣመመው በትራፓኖ ተበስቶ ይወጣል፤ ችግሩ፣ ባወጡት ቁጥር ቀዳዳው ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ በጥቂቱ የጎደለውን መተው ከማረም የሚሻልበት ጊዜ አለ። ይህን ለይቶ ማወቅ መመሪያው ላይ ተጽፎ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

የነዳጁ ታንክ ክንፉ ውስጥ ነው። መጋጠሚያው ሁሉ እንደ ማስቲሽ በሚጣበቅ፣ ከልብስ በማይለቅ ማሸጊያ ይደፈናል። ፈተናው ግን ቀላል ነው፦ አንዱ ቀዳዳ ላይ የልጆች ፊኛ ይታሰራል፣ ታንኩ አየር ይሞላል፣ ስፌቱ ላይ የሳሙና ውሃ ይቀባል። አረፋ ከታየ ወይም ፊኛው ከሟሸሸ እንደገና ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሠሪው ፎቶ ያነሣል፣ ቀኑንና የሠራውን ሰዓት ይጽፋል። ለጉራ የሚመስለው ብዙ ነው። መዝገቡ ግን ማስረጃ ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠው መርማሪ በመጨረሻ ሲመጣ ክንፉ ተዘግቷል፣ ውስጡን ማን እንደሠራው የሚናገረው መዝገቡ ነው። ፎቶውን ለሌሎች ሠሪዎች ማካፈልም የራሱ ጥቅም አለው። አንዳንድ ክፍሎች በሌዘር መቆረጥ በጀመሩ ጊዜ፣ ቀዳዳው ሲጎደጉድ ጥቃቅን ስንጥቅ ይወጣ ነበር። ሠሪዎች ያገኙትን እርስ በርስ እየተያዩ የአንድ ሰው እጅ ጥፋት አለመሆኑን ተረዱ። ድርጅቱ ክፍሎቹን መተካት ግድ ሆነበት፤ ከሌሎች ኪሳራዎች ጋር ተደራርቦበት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ከአበዳሪዎች የሕግ ከለላ ጠየቀ። በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ ወጥቷል፤ ዋጋው ግን ጨምሯል።

ከ1,000 ሰዓት በላይ የፈጀው አውሮፕላን ፈቃድ ሲያገኝም ወዲያው ቤተሰብ አይጫንበትም። ሕዝብ በማይበዛበት አካባቢ ላይ፣ እንደ ሞተሩና ፕሮፔለሩ ዓይነት ብዙ ጊዜ ለ25 ወይም ለ40 ሰዓት ይፈተናል። በመግቢያው አጠገብም «የሙከራ» የሚል ጽሑፍ ቁመቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር ባላነሰ ፊደል ይጻፍበታል፤ የሚሳፈረው ሰው ሳያይ እንዳይገባ።

ሠሪው ማመልከቻ ካቀረበ የጥገና ባለሙያ ሰርተፍኬት ሊሰጠው ይችላል፤ የዓመቱን ምርመራ ራሱ አድርጎ ለመፈረም፣ ለሠራት ለዚያች አውሮፕላን ብቻ። ቢሸጣት ሰርተፍኬቱ ከእሱ ጋር ይቀራል። አዲሱ ባለቤት ለዓመታዊው ምርመራ ፈቃድ ያለው መካኒክ ይጠራል፣ ወይም ሠሪውን ራሱን ደውሎ ይለምናል።