ዝሆኔ፣ ዘርና የናሙና ባንክ

በባሕር ዳር ዙሪያና በጣና ዳር ቀበሌዎች ጋብቻ ሲታሰብ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ «በዘራቸው ዝሆኔ አለ ወይ?» የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ምክንያት የሚፈርስ እጮኝነት አለ። ወደ ክሊኒክ መጥተው «ልጃችንም ይታመም ይሆን?» የሚሉን ባለትዳሮችም አሉ። ውድ አንባቢያችን፣ እርስዎም ይህ ጥያቄ ካለዎት መልሱን ያገኘነው ፈቅደው ናሙና ከሰጡ ሰዎች መሆኑን ይወቁ።

ዝሆኔ በምን ይመጣል?

እዚህ የምንናገረው በደጋና በወይና ደጋ ስለሚታየው የእግር እብጠት ነው። ትንኝ የምታስተላልፈው የቆላው ዓይነት ሌላ ነው። የእኛው የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲረገጥ ነው። ደቃቁ ብናኝ በቆዳ ገብቶ ከእግር ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይጎዳል፤ እግርም ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ታዲያ በዘር ነውን?

አንድ መንደር ሙሉ በባዶ እግሩ እያረሰ የሚታመመው ግን ጥቂቱ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለ፣ ፕሮፌሰር ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው በወላይታ የ194 ሕመምተኞችንና የ203 ጤነኞችን ዲኤንኤ አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ልዩነቱ ሰውነት ባዕድ ነገርን በሚለይባቸው ጂኖች ላይ ነው። ስለዚህ የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ለአፈሩ ቶሎ የመጎዳት ጠባይ ነው። ይህ ጠባይ ያለው ልጅም እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ አይታመምም።

የናሙና ባንክ ምንድን ነው?

እንደ ደም ባንክ ለሕመምተኛ የሚሰጥ ደም የሚቀመጥበት አይደለም። ከደም ወይም ከምራቅ የወጣ ዲኤንኤ፣ አንዳንዴም ሕያው ሴል፣ በስም ፈንታ ቁጥር ተሰጥቶት በብርድ ይቀመጣል። ሴሉ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ከቆየ በኋላ እንደገና ሊራባ ይችላል። እንደ ስኳርና ደም ግፊት ባሉት ሕመሞች እያንዳንዱ ጂን የሚጨምረው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ሺህ ናሙና ያስፈልጋል። አንድ ሆስፒታል ብቻውን ስለማይችለው ተመራማሪዎች ናሙናውን በጋራ ይጠቀማሉ። በዓለም ማከማቻዎች የአፍሪካውያን ናሙና ጥቂት በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2022 በቆየው ኤች ስሪ አፍሪካ በተባለ ፕሮግራም በኡጋንዳ፣ በናይጄሪያና በደቡብ አፍሪካ ባንኮች ተደራጅተዋል።

ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ

በወላይታ ጥናት ወቅት ቤተሰቦች የፈሩት መርፌውን ብቻ አልነበረም። «በዘር ነው» ከተባለ ከበፊቱ ይልቅ እንገለላለን የሚል ስጋትም ነበራቸው። ስጋቱ እውነተኛ ስለሆነ፣ ናሙና ሲጠየቁ የሚከተሉትን ይጠይቁ፦

1. ናሙናዬ ለየትኛው ጥናት ነው? ወደፊት ለሌላስ ይውላል?
2. ስሜንና የቤተሰቤን ነገር ማን ያውቃል?
3. ወደ ውጭ አገር ይላካል? የፈቀደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የትኛው ነው?
4. ሐሳቤን ብለውጥ ናሙናው ይወገዳል?

ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ አይፈርሙም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ይወስናል። እምቢ ማለት መብትዎ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሕክምና አይከለከሉም። የተሰራጨ መረጃን መልሶ መሰብሰብ ግን አስቸጋሪ ስለሆነ አስቀድመው ያስቡበት።

ዛሬ ምን ያድርጉ?

የጥናት ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም። ልጅዎ መራመድ ሲጀምር ጫማ ያድርጉለት፤ ማታ ማታ እግሩን በውኃና በሳሙና ይጠቡት። እብጠት የጀመረው ሰውም በየዕለቱ ቢታጠብ፣ ቆዳውን ቅባት ቢቀባና ጫማ ቢያደርግ ይሻለዋል፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይምጣ። እጮኛዎ ከዝሆኔ ቤት ከሆነ ጋብቻውን የሚያስቀር ምክንያት የለም። ለልጆቻችሁ ጫማ አታጓድሉባቸው።