እስስቷ ስትቆፍር አትዩአት

እስስት ስትነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቀለሟ ነው። ትንሽ የተመለከታት ደግሞ ለየብቻ የሚዞሩ ዓይኖቿንና ከሰውነቷ የሚረዝም ምላሷን ይጨምራል። እንቁላሏን የት እንደምትጥል የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ቅርንጫፍ ላይ የምትውለው ይህች ፍጥረት እንቁላሏ ሲደርስ ወደ መሬት ወርዳ በእጆቿ ዋሻ ትቆፍራለች። ከሥራዎቿ ሁሉ የሚደንቀውም ይኸው ነው።

በዓለም ላይ በየቤቱ በብዛት የምትረባው የየመን እስስት ናት። የትውልድ ስፍራዋ ከትግራይ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የሚገኘው የየመንና የደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ ምድር ነው። በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 70 እንቁላል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትጥላለች። እርግጥ እስስት ሁሉ እንቁላል አይጥልም፤ በደቡብ ኢትዮጵያ የምትገኘው ባለ ሁለት መስመሯ እስስት ልጆቿን በቁማቸው ትወልዳለች።

ብዙ አርቢዎች «የእኔ ወንድ አላየችም፤ ምን እንቁላል አላት?» ይላሉ። ዶሮ አውራ ሳይኖራት እንደምትጥል ሁሉ የየመን እስስትም ትጥላለች፤ አይፈለፈልም እንጂ እንቁላሉ ይመጣል። የመጣያ ቦታ ካጣች እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ተይዞ ይገድላታል። ስለዚህ ከአራት ወይም ከአምስት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ እንቁላሏን የምትጥልበት ሳጥን ተዘጋጅቶ ሊጠብቃት ይገባል።

ሳጥኑ ቀላል ነው፦ ወርዱም ጥልቀቱም 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ብርሃን የማያሳልፍ ባልዲ ወይም ሳፋ። ዋናው ጉዳይ የሚሞላበት ነገር ነው። ለምሳሌ መቀሌ ውስጥ ዋልካ ከሆነ ግቢ አፈር ዝቆ መሙላት አይበጅም፤ ዋልካ ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለግንባታ የሚሸጠው አሸዋ ተነፍቶና በደንብ ታጥቦ ቢሞላ ይሻላል። እርጥበቱን ለመለካት አሸዋው ውስጥ ጣት ሰክቶ ማውጣት ነው። ቀዳዳው ሳይናድ ከቆመ እርጥበቱ ልክ ነው፤ ከተናደ ውኃ ያንሰዋል፤ ውኃ ካቆረ በዝቶበታል። በበጋ የመቀሌ አየር ደረቅ ስለሆነ ላዩን በየጊዜው ማራስ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው አርቢው ራሱ ነው። እስስቷ መብላት ስታቆም፣ ከቅርንጫፏ ወርዳ የጎጆዋን ወለል ስትዞርና ስትጭር ጊዜዋ ደርሷል። በፊት እግሮቿ ትቆፍራለች፣ በኋላ እግሮቿ አሸዋውን ወደ ውጭ ትገፋለች፤ ሥራው አንድ ቀን ሙሉ ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሃል ሰው ቆሞ ሲያያት ካየች ትተወዋለች። ሌላ ቦታ ልትጀምር ትችላለች፤ ደጋግማ ከተቋረጠች ደግሞ እንቁላሏን ይዛ ትቀራለች። ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት፣ ልጆችን ጠርቶ «ኑ እዩ» ማለት፣ ጨርሳ እንደሆነ ለማየት በየሰዓቱ ብቅ ማለት ሁሉ ጉዳት ነው። በተንከባካቢ ሰው እጅ የሚደርስ ጉዳት መሆኑ ደግሞ ያሳዝናል። በጎጆው ዙሪያ ወፍራም ጨርቅ መጋረድና ከክፍሉ መውጣት ይገባል። እስስቷ ጥላ ስትጨርስ ዋሻውን ራሷ ሞልታ፣ ረግጣ፣ ምንም ያልነበረ አስመስላው ወደ ቅርንጫፏ ትመለሳለች። ያን ጊዜ ከስታና ተጠምታ ስለምትወጣ ውኃና ምግብ በብዛት ይቅረብላት።

እንቁላሉ የሚፈለፈል ከሆነ ሳይገለበጥ ይወጣል፤ የላይኛው ጎን በእርሳስ ምልክት ይደረግበትና ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ውስጥ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይቆያል።

በጠራራ ፀሐይ ዓይኗን ጨፍና ወለል ላይ የምትተኛ እርጉዝ እስስት ግን ጊዜ የላትም። ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው እንጂ በእጅ ሆድ መጫን እንቁላሉን ያፈነዳል።

በአገራችን የዱር እስስትን ከጫካ አንስቶ ማሳደር የራሱ ሕግ አለው፤ የዱር እንስሳት አዋጁ ፈቃድ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. የተቀላቀለችው የዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነትም የእስስትን ንግድ ይቆጣጠራል። በአጥር ሥር የምትቆፍር እስስት ያያችሁ እንደሆነ ድንጋይ አታንሱ፤ መርዝ የላትም። ዶሮዎቹን ከአካባቢው አርቁላት፣ ግቢውን በሙሉ በድንጋይ ስታነጥፉም ከአጥሩ ሥር ጥቂት ለስላሳ አፈር ተዉላት።