የሚልቴፎሲን መድኃኒትና የቆላው ሕመምተኛ

ሚልቴፎሲን የተባለው መድኃኒት በመጀመሪያ በጀርመን አገር የተዘጋጀው ለካንሰር ሕመም ነበር። ዳሩ ግን በአፍ ሲወሰድ ትውከትና ተቅማጥ ስለሚያበዛ ለዚያ አገልግሎት ሳይስፋፋ ቀረ። ኋላም የካላዛርን ጥገኛ ተሕዋስ እንደሚገድል ስለ ታወቀ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ህንድ ለዚሁ በሽታ ፈቀደችው።

ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ካልታከመም የሚገድል በሽታ ነው። በአብርሃ ጅራ፣ በአብደራፊና በመተማ ቆላ ይበልጥ የሚጠቃው ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው። ሕመምተኛው ኤች አይ ቪ ጭምር ካለበት ሕክምናው ይከብዳል። ለእንዲህ ያለው ሰው በጎንደርና በአብደራፊ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ላይ ተሰጥተው ተመረመሩ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2022 ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ በደም ሥር፣ ሚልቴፎሲን ደግሞ በአፍ ለ28 ቀን እንዲሰጥ መከረ።

እዚህ ላይ የሁለቱ ጉዳት ይገናኛል። አምፎቴሪሲን ኩላሊትን ሊጎዳና የደምን ፖታሲየም ሊቀንስ ይችላል፤ ሚልቴፎሲንም በትውከትና በተቅማጥ የሰውነትን ውሃ ሲያስወጣ ያንኑ ኩላሊት ያስጨንቃል። ስለዚህ ደም በየጊዜው ይመረመራል፤ ክኒኑም ከምግብ ጋር ይዋጣል። ዓይን ቢቀላ ወይም ቢያም ሳይዘገዩ ለሐኪም መንገር ይገባል። ጽንስን ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ልትወልድ የምትችል ሴትም በሕክምናው ጊዜና ከዚያ በኋላ 5 ወር ከእርግዝና መጠበቅ አለባት።

ትኩሳቱ የለቀቀው ሠራተኛ ትውከቱን ጠልቶ ክኒኑን ቢተው በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ክኒኑን ሲሰጥ ሰውየው የሚበላው እህልና የሚያስታምመው ሰው እንዳለው አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል።