ኮምፒዩተሩ መጣ፤ ደላላውስ ወዴት ይሂድ?

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስሜን የሚዘልቅ ነጋዴ በዳባትና በደባርቅ እህል እንዴት እንደሚሸጥ አይጠፋውም። ገዢው ገብሱን በእፍኙ ይዘግናል፣ እፍ ይለዋል፣ አንድ ሁለት ፍሬ በጥርሱ ሰበር ያደርጋል፤ ደረጃው ታወቀ። ዋጋ ከተቆረጠ እጅ ለእጅ ይመታታሉ። ገንዘቡ ዛሬ ባይሞላ ለሚቀጥለው ገበያ ይደርሳል። ሰውየው ይታወቃላ! እርሱ ባይታወቅ ደላላው ይታወቃል። ይህን አሠራር ኋላ ቀር የሚሉት አሉ። ነገር ግን ማን እንደሚታመንና ማን እንደማይታመን የሚነግር የመረጃ ሥርዓት ነው፤ ያውም መብራት ሲጠፋ የማይቆም።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ሲቋቋም ሊለውጥ የተነሣው ይህንኑ ልማድ ነበር። ምርቱ መጋዘን ይገባል፣ በላቦራቶሪ ደረጃ ይወጣለታል፣ ባለቤቱ በኮምፒዩተር የተመዘገበ ደረሰኝ ይይዛል፤ ገዢና ሻጭ ሳይተዋወቁ ይገበያያሉ፣ ክፍያውም በማግስቱ በባንክ ይፈጸማል። መሥራቿና የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ቀደም ሲል ያጠኑት የእህል ገበያውንና የደላሎቹን ሚና ነበር። ስለዚህም ይመስላል፣ ግብይቱ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ከኋላ ያለው መዝገብ ኮምፒዩተር ሆኖ፣ ከፊት ያለው መድረክ ግን የድሮው ጩኸት ሆኖ የቀረው። ተገበያዮቹ ባለቀለም ካፖርት ለብሰው ወለሉ ላይ ይጯጯሁ፣ ሲስማሙም መዳፍ ለመዳፍ ይማቱ ነበር። ነጋዴው የሚያውቀውን ምልክት ሳይነጥቁት ወደማያውቀው ቤት ማስገባት ብልኅነት ነው።

ታዲያ ነጋዴው ገባ? እህል ነጋዴው አልገባም ማለት ይቀላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የቀረበው በቆሎና ስንዴ እጅግ አነስተኛ ነበር። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ሶፍትዌሩም አላስቸገረም። ለዘመናት በፊትና በስም ሲገበያይ የኖረ ሰው፣ ማን እንደሸጠለት የማያውቀውን ስንዴ በወረቀት ብቻ ግዛ ቢባል የሚያመነታ መሆኑ ነው። ገበያውን ያቆመው ቡና ነው። በአዋጅ ቁጥር 602/2000 መሠረት የወጪ ንግድ ቡና በዚያ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ በኋላ ሰሊጥም ተከተለ። በአዋጅ የመጣ ደንበኛ ግን በሩ ሲከፈትለት ምን እንደሚያደርግ ከ2009 ዓ.ም. የቡና አዋጅ (ቁጥር 1051) በኋላ ታየ። ላኪው በቀጥታ የሚገዛበት መንገድ ሲፈቀድ ብዙ ቡና ወደዚያው አመራ። በደረጃ እንጂ በገበሬው ስም የማይታወቅ ቡና የውጭ ገዢዎችንም ከመጀመሪያው አላስደሰተም ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስል! ለንደን ውስጥ ላይፍ የተባለው የወደፊት ውሎች ገበያ አባላት ወለሉን ሙጥኝ ብለው ሳለ፣ ፍራንክፈርት በኮምፒዩተር የሚሠራው ተፎካካሪ የጀርመንን የመንግሥት ቦንድ ውል እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ጠቅልሎ ወሰደባቸው። ቺካጎዎች ደግሞ በ1992 ግሎቤክስ የተባለውን የኮምፒዩተር መገበያያ ቢከፍቱም፣ አብዛኞቹን የጩኸት ጉድጓዶች የዘጉት በሐምሌ 2015 ነው። ሃያ ሦስት ዓመት! አዲስ አበባ ላይ ወደ ኮምፒዩተር ግብይት የተሻገሩትም በዚያው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ ወለሉ በተከፈተ በሰባት ዓመቱ። ፍጥነቱ የሚያስመሰግን ነው። ሰባቱ ዓመታት በከንቱ አልጠፉም፤ ደላላው ደረሰኙንና የማግስቱን ክፍያ ማመን የተማረው በዚያ ጊዜ ነው። ስክሪኑ የመጣው ከእምነቱ በኋላ ነው።

ቅደም ተከተሉን የገለበጡ መሥሪያ ቤቶችን ሁላችንም እናውቃለን። ኮምፒዩተሩ ይገዛል፣ በዳንቴል ይሸፈናል፤ ሠራተኛው በማሽኑ ከመዘገበ በኋላ ያንኑ በእጁ ደብተር ላይ ይደግመዋል። አለቃው የሚፈርመው ደብተሩ ላይ ስለሆነ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ሶፍትዌር መቀየር ለሻጩ ካልሆነ ለማንም አይጠቅም።

ወደ ደጋው እንመለስ። የመተማ ሰሊጥ ነጋዴ ወደ ምርት ገበያው የሄደው ሕጉም የውጭ ገዢውም ስለጠሩት ነው። የደባርቅ ገብስና ባቄላ ነጋዴን የጠራው የለም። እህሉ የሚመጣለት በአህያ ጀርባ፣ ከየጎጡ፣ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ነው፤ ምርት ገበያው የሚያስተናግደው በሎት ነው። የሚገዛውም ሰው ሩቅ አይደለም፤ ጎንደር ነው፣ ስሙም ስልኩም ይታወቃል። ስልኩ ዋጋ ለመጠየቅ ጠቅሞታል፤ ከሌላ ከተማ የሰማውን ዋጋ ይዞ ደላላውን መሟገት ችሏል። ክርክሩ ሲያበቃ ግን አሁንም እጁን ይዘረጋል፤ ደላላውም ይመታለታል።