በእንጦጦ ግርጌ የኖረ ቤተሰብ፦ የቴሲጀሮች የዘወትር ኑሮ በእንግሊዝ ለጋሲዮን ግቢ (1902–1911 ዓ.ም.)

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በቀበና በኩል ወደ መገናኛ የሚጓዝ ሰው በስተግራው ረጅም አጥር፣ ከአጥሩም በላይ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ይመለከታል። ስፍራው ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የእንግሊዝ ኤምባሲ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም እንደ ብዙው መንገደኛ ግቢውን ለዓመታት ያየው ከታክሲ መስኮት ብቻ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ በአንድ ወቅት አራት ወንድ ልጆች እንዳደጉና ከእነርሱ አንዱ በሰባ ሰባት ዓመቱ የጻፈው ግለ ታሪክ ለሰገሌ ዘመን አዲስ አበባ ምስክር ሆኖ እንደሚጠቀስ የተረዳው ዘግይቶ ነው።

ልጁ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመውና «የመረጥኩት ሕይወት» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው መጽሐፉ በአብዛኛው የሚነበበው እንደ አሳሽና እንደ አዳኝ ትዝታ ነው። እዚህ የሚነበበው ግን ከአገሩ ርቆ የኖረ የወታደር ቤተሰብ የዕለት ኑሮ መዝገብ ሆኖ ነው። የልጆች ጨዋታ፣ የሞግዚት እንክብካቤ፣ የፈረስ ግልቢያና የእንግዳ አቀባበል ለታሪክ ተመራማሪ ጥቃቅን ነገሮች ሊመስሉ ይችላሉ። በዚህ ግቢ ውስጥ ግን የልጆች ክፍልና የመንግሥት ጉዳይ የሚጻፍበት ጠረጴዛ የተራራቁ አልነበሩም። በ1909 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጨርሶ ተቀላቅለው ነበር። (ዘመናቱ እ.ኤ.አ. ካልተባሉ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ቤተሰቡን የወታደር ቤተሰብ ማለት ማብራሪያ ይሻል፤ የቤቱ አባወራ በአዲስ አበባ የነበሩት በዲፕሎማትነት ነውና። በአባትና በልጅ መካከል የስም መመሳሰል ስላለ አባትየውን «ሚኒስትሩ» እያልን እንጠራቸዋለን። ሚኒስትሩ በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ተዋግተው ሜዳልያ የተሸለሙ ሰው ነበሩ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ እረፍት ላይ ሆነው እንግሊዝ አገር ስለነበሩ ለጥቂት ወራት ፈረንሳይ ዘምተው ወደ አዲስ አበባ ሥራቸው ተመልሰዋል። የሚኒስትሩ አባት ጄኔራል ሎርድ ቼልምስፎርድ ናቸው። የውትድርና ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ እኚህን ሰው የሚያስታውሳቸው እ.ኤ.አ. በ1879 ኢሳንድልዋና ላይ በዙሉዎች ድል በተመታው ዘመቻ አዛዥነታቸው ይሆናል። ለእኛ የሚበልጠው ሌላው የሕይወት ታሪካቸው ነው፤ በ1860 ዓ.ም. ከናፒየር ጦር ጋር መቅደላ ድረስ ከዘመቱት መኮንኖች አንዱ ነበሩ። በዚያው በ1860 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የተወለደው ልጃቸው ፍሬደሪክ ጆን ናፒየር ቴሲጀር ይባላል፤ ስሙን በአጋጣሚ የተሰጠ ነው ብሎ ማለፍ ያስቸግራል። ይህ ልጅ ኋላ የህንድ እንደራሴ ሆኗል። ስለዚህ ሚኒስትሩ በእንጦጦ ግርጌ ጎጆ ሲወጡ፣ ለቤተሰባቸው ኢትዮጵያ እንግዳ ስም አልነበረችም።

ሚኒስትሩና አዲሷ ሙሽራ ካትሊን ሜሪ ቪገርስ አዲስ አበባ የደረሱት በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ነው። በዚያን ጊዜ የምድር ባቡሩ የሚያልቀው ድሬዳዋ ላይ ነበር፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው መንገድ በጨርጨር ደጋ በኩል በበቅሎ የሚታለፍ የብዙ ሳምንታት ጉዞ ነበር። የቤት ዕቃ ሁሉ በጭነት ከብት ተጉዟል። አንዲት በአየርላንድ ያደገች፣ ከተጋባች ወራት ብቻ የሆናት ሴት እርጉዝ ሆና ወደማታውቀው አገር የምትገባበት ጉዞ መሆኑን ልብ ይሏል። ባል ግዳጅ ይቀበላል፤ ሚስት ከግዳጁ ጋር የመጣውን ኑሮ ትቀበላለች። ይህ ሥርዓት በየትም አገር ያለ የወታደር ሚስት የምታውቀው ነው።

ግቢው የተሰጠው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የሮድ መልእክተኛ ቡድን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ውል ከተዋዋለ በኋላ በዓመቱ የእንግሊዝ ወኪል ሆነው የተሾሙት ጆን ሌን ሃሪንግተንም የጦር መኮንን ነበሩ። የሩሲያ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ለጋሲዮኖችም በዚሁ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ተሰጥቷቸዋል። «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የሚለው የሰፈር ስም እስከ ዛሬ የቀረው ከዚያ ነው። ከቤተ መንግሥቱና ከገበያው ራቅ ያለው ይህ አሰፋፈር ለእያንዳንዱ ለጋሲዮን የራሱን ሜዳ፣ የራሱን ውኃና የራሱን ግጦሽ አስገኝቶለታል። የእያንዳንዱ ግቢ ኑሮ ከከተማ ቤት ይልቅ የጦር ሰፈር የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ዊልፍሬድ ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. የተወለደው በዚሁ ግቢ፣ ከጭቃ ተሠርቶ ሣር በተከደነ ክብ ጎጆ ውስጥ ነው። የድንጋዩ ሕንፃ ተሠርቶ ያለቀው ከዚያ በኋላ ነው። የበኩር ልጁን ተከትለው ብሪያን፣ ደርሞትና ሮደሪክ መጡ። እንደ ዘመኑ የእንግሊዝ ሹማምንት ልማድ የልጆቹ የዘወትር አሳዳጊ ሞግዚት ነበረች፤ ለዚህ ሥራ አዲስ አበባ ድረስ የመጣች ወጣት እንግሊዛዊት ናት። ትምህርትም ሆነ ጨዋታ ከግቢው አይወጣም ነበር፤ በዕድሜ የሚመጥኗቸው የእንግሊዝ ልጆች በአካባቢው አልነበሩምና። ጓደኞቻቸው ወንድማማቾቹ ራሳቸውና ፈረሶቻቸው ነበሩ። ገና በልጅነታቸው ኮርቻ ላይ ወጥተው በፈረስ ጠባቂ ታጅበው ከግቢው በላይ ባለው ዳገት ይወጡ ነበር። ከዚያ ቁልቁል ሲታይ አዲስ አበባ ገና ከሠላሳ ዓመት ያልበለጠ ዕድሜ ያላት፣ በተበታተኑ የመኳንንት ሰፈሮች የተሞላች ከተማ ናት። ሽቅብ ሲታይ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውና ምኒልክ ከተማቸውን ወደ ፍልውኃ ከማውረዳቸው በፊት መናገሻቸው የነበረው እንጦጦ ነው።

ዊልፍሬድ የመጀመሪያ ትዝታዬ ነው የሚለው በሦስት ዓመቱ አባቱ ሳላ ሲያድኑ ማየቱን ነው። ከዚህ በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ አደን፣ ጉዞና የጦር መሣሪያ ተለይተው አይታዩም። አባትና ልጅን የሚያገናኘው ሰዓት በአብዛኛው የጠመንጃና የፈረስ ሰዓት ነው። ሚኒስትሩ ቀኑን በደብዳቤና በጉዳይ አቅራቢ ተይዘው ስለሚውሉ ልጆቹ አባታቸውን የሚያገኙት ከሥራ ሲወጡ ነበር። እናትየው ግን በአንድ ጊዜ እናት፣ የትልቅ ቤት አስተዳዳሪና የመንግሥት እንግዶች አስተናጋጅ ነበሩ። የወጥ ቤቱ፣ የአትክልት ስፍራውና የልጆቹ ክፍል ጉዳይ ሁሉ የሚያበቃው እርሳቸው ዘንድ ነው። መጽሐፉ ለእናትየው ያለው ፍቅር ግልጽ ቢሆንም፣ ለዚህ ሥራቸው የሰጠው ቦታ ለአባትየው አደን ከሰጠው ጋር አይመጣጠንም። ልጅ የሚያስታውሰው ያልተለመደውን ነው፤ በየዕለቱ የሚደገመው ሥራ ከትዝታ ይንሸራተታል። የዕለት ኑሮን ከግለ ታሪክ የሚፈልግ ተመራማሪ ሊጠነቀቅለት የሚገባው አንዱ ጉዳይ ይህ ነው።

ሌላው ጉዳይ የህንዳውያኑ ነው። በግቢው ውስጥ በውትድርና ሥራ ላይ የነበሩት ሰዎች የለጋሲዮኑ አጃቢ የሆኑት የህንድ ፈረሰኞች ናቸው። ሚኒስትሩ ወደ ቤተ መንግሥት ሲሄዱ ጫፉ ላይ ባንዲራ የታሰረበት ጦር ይዘው ከፊትና ከኋላ የሚጋልቡት እነርሱ ነበሩ። ለልጁ ዓይን ጥምጣምና የጦር ጫፍ ናቸው፤ ደስ የሚል ትርኢት። እነርሱም ግን እንደ ጌቶቻቸው ከአገራቸው ርቀው በግዳጅ የመጡ፣ በእንጦጦ ብርድ ሌሊት ዘብ የሚያድሩ፣ ደመወዝ የሚጠብቁና ወደ ቤታቸው የሚናፍቁ ወታደሮች ነበሩ። «ባሕር ማዶ የሚኖር የወታደር ቤተሰብ» የሚለው ሐረግ በዚያ ግቢ ከማንም ይልቅ ለእነርሱ ሳይስማማ አይቀርም። ለንደን በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው የህንድ ጽሕፈት ቤት መዝገብ በዚህ ረገድ ሊፈተሽ ይገባዋል። ፈረስ ጠባቂ፣ ወጥ ቤትና አትክልተኛ ሆነው ስላገለገሉት ኢትዮጵያውያንም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል፤ ልጁን ፈረስ መጋለብ ያለማመዱትና የአገሩን ነገር በቅርብ ያሳዩት እነርሱ ናቸው።

የቤቱን ኑሮ ከአገሪቱ ታሪክ ጋር ያላተመው የ1909 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ልጅ ኢያሱ ከሙስሊም ባላባቶችና ከቱርክ ጋር ያላቸው ግንኙነት፣ በጦርነት ላይ ለነበሩት ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይና ለኢጣሊያ የቅኝ ግዛቶቻቸው ስጋት ሆኖ ታየ። በመስከረም መጀመሪያ የሦስቱ መንግሥታት ሚኒስትሮች በአንድነት የተቃውሞ ማስታወሻ አቀረቡ። መስከረም 17 ቀን የሸዋ መኳንንት ልጅ ኢያሱን ሽረው ንግሥት ዘውዲቱን ሲያነግሡ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። የቴሲጀር አባት ከዚህ ሁሉ የራቁ ተመልካች እንዳልነበሩ ማስታወስ ይገባል። ልጆቹ አትክልት ስፍራ በሚጫወቱበት ሰዓት የሚረቀቀው ደብዳቤ የዙፋኑን ጉዳይ የሚነካ ነበር።

የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። ራስ ልዑል ሰገድ ቶራ መስክ ላይ ተሸንፈው ሲወድቁ አዲስ አበባ ተሸበረች። በዚህ ወቅት ራስ ተፈሪ ገና የጥቂት ወራት ሕፃን የነበረውን ልጃቸውን፣ በኋላ አልጋ ወራሽ የሆኑትን አስፋ ወሰንን፣ ለሚኒስትሩ በአደራ ሰጡ። ቴሲጀር እንደጻፈው ሕፃኑ በለጋሲዮኑ ቤት ተጠለለ። ድርጊቱን ከሁለት ወገን ማየት ይቻላል። በቤተሰቡ ኑሮ በኩል አራት ልጆች ያሉበት ቤት አምስተኛ ልጅ ተቀበለ፤ አልጋ፣ ወተትና ጠባቂ ተጨመረ። በፖለቲካ በኩል ደግሞ ገለልተኛ ሊሆን የሚገባው የውጭ መንግሥት ቤት የአንዱን ወገን ወራሽ በጉያው ያዘ። ሰገሌ ላይ ድሉ የንጉሥ ሚካኤል ቢሆን ኖሮ የዚያ የአደራ ሕፃን ነገር ቤተሰቡን ወደ ምን ይመራው እንደነበር መገመት አያዳግትም። እናትየው በዚያ ሳምንት የተሸከሙት ኃላፊነት ከባለቤታቸው ማስታወሻ ያነሰ አልነበረም።

ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የሸዋ ጦር ድል አደረገ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ድል አድራጊው ሠራዊት ጃን ሜዳ ላይ በንግሥቲቱ ፊት ሲያልፍ የስድስት ዓመቱ ዊልፍሬድና ታናሹ ብሪያን ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው ተመለከቱ። የሰልፉ ትረካ ከመጽሐፉ ሁሉ የታወቀው ክፍል ነው። የአንበሳ ጎፈር የደፉ መኳንንት፣ ነጋሪት፣ የደም ልብስ የለበሱ ወታደሮች፣ በሰንሰለት የሚጎተቱት ንጉሥ ሚካኤል፣ ከእርሱ ብዙም የማይበልጥና ሰው ገድሎ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ የሚያልፍ ልጅ። ቴሲጀር ለዱር ጉዞና ለአሮጌው ዓለም ያደረበት ናፍቆት ከዚያ ቀን እንደጀመረ ይናገራል።

ይህን ምስክርነት እንዴት እንመዝነው? ሲያይ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ሲጽፍ ከሰባ ዓመት በላይ አልፏል። በዚህ ሁሉ ዘመን ታሪኩን ለራሱም ለሌላውም ደጋግሞ ተርኳል። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ የነበሩት ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በትዝታቸው ያቆዩልን የዘመን ታሪክ፣ እንዲሁም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ«ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ያሰፈሩት የሰገሌ ነገር፣ ከቴሲጀር ጋር ጎን ለጎን ሊነበቡ ይገባል። መርስዔ ኀዘን የሥርዓቱን ትርጉም ያውቃሉ፤ ማን በምን ማዕረግ እንደቆመ፣ ምን እንደተባለ ይገባቸዋል። ልጁ ቋንቋው በቅጡ ስለማይገባው የያዘው ቀለሙንና ድምፁን ነው። በእኔ አስተያየት የቴሲጀር ገጾች ለሰልፉ ቅደም ተከተል ደካማ ምንጭ ናቸው፤ የለጋሲዮኑ ማኅበረሰብ ድሉን በምን ስሜት እንደተቀበለው ለማወቅ ግን ጠንካራ ምንጭ ናቸው። ከሰልፉ ፊት ለፊት የቆመው ቤተሰብ የአሸናፊዎቹን ወራሽ ያሳደረ ቤተሰብ ነበርና ትዕይንቱ የድል እንጂ የሐዘን ሆኖ ሊታየው አይችልም። የወሎ እናት ያንኑ ቀን በሌላ መልክ ታስታውሰዋለች።

በ1910 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ህንድ ተጉዞ እንደራሴ በሆኑት አጎት ቤት አረፈ፤ ነብር አደንም አዩ። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቀው ወጡ። ሚኒስትሩ በጥር ወር 1912 ዓ.ም. በድንገት ሞቱ። ዊልፍሬድና ብሪያን በደቡብ እንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገቡ ያዩትን ለእኩዮቻቸው ቢናገሩ የሚያምናቸው ጠፋ። ስለ ነብርና ስለ ሰገሌ ሠራዊት የሚያወራ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ውሸታም ተባለ። በወታደርና በዲፕሎማት ቤት ያደጉ ልጆች ወደ «አገራቸው» ሲመለሱ የሚገጥማቸው ባይተዋርነት በዛሬው ጥናት ሰፊ ርዕስ ነው። ዊልፍሬድ አዲስ አበባን አገሬ ብሎ መቁጠሩ የተጠናከረው እዚያ፣ ያላመኑት ልጆች መካከል ይመስለኛል።

በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ለንደንን ሲጎበኙ እናትና ልጅ ሄደው ተቀበሏቸው። ልጁም ወደ ኢትዮጵያ መመለስ እንደሚመኝ ሲናገር፣ አንድ ቀን እንግዳቸው ሆኖ እንደሚመጣ ነገሩት። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተደረገው የዘውድ በዓል ላይ የሃያ ዓመቱ ወጣት በንጉሠ ነገሥቱ የግል ጥሪ ተገኘ። በ1926 ዓ.ም. የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ እስከ አውሳ ዘለቀ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ በዊንጌት ሥር ከጌዴዎን ጦር ጋር ጎጃም ገብቶ ከአርበኞች ጎን ተዋጋ፤ አያቱ ከመቅደላ ዘመቻ ጋር በመጡ በሰባ ሦስተኛው ዓመት መሆኑ ነው። ግለ ታሪኩን ያበረከተው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መታሰቢያ ነው። መጽሐፉ የታተመው ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ ከአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በአደራ ወደ ለጋሲዮኑ የገቡት አስፋ ወሰንም በስደት በሚኖሩበት ጊዜ ነበር።