ከታችኛው ሊግ ያልወጣው ተከላካይ

አንዲ ሮበርትሰንን የማያውቅ የኳስ ተመልካች በባሌ፣ በሮቤም፣ በጎባም፣ በጎሮም ማግኘት ይከብዳል። የሊቨርፑል የግራ መስመር ተከላካይ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን፣ በ2020 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ አንስቷል፤ የስኮትላንድን ብሔራዊ ቡድንም በአምበልነት መርቷል። ከዋንጫዎቹ ይልቅ ሁሌም የሚወራለት ግን መነሻው ነው። ሴልቲክ በልጅነቱ ሰውነቱ ደቃቃ ነው ብሎ ካሰናበተው በኋላ በ2012/13 በአገሩ አራተኛ እርከን ለኩዊንስ ፓርክ ተጫወተ። ይህ በ1867 የተመሠረተ ክለብ እስከ 2019 ድረስ ለተጫዋቾቹ ደመወዝ የማይከፍል አማተር ስለነበረ፣ ሮበርትሰን ኪሱን የሚደጉመው በሃምፕደን ስታዲየም ስልክ እያነሳ የትኬት ደንበኞችን በማስተናገድ ነበር። በዚያው ቡድን ሪኪ ሊትል የሚባል ሌላ ተከላካይ አብሮት ይጫወት ነበር። በ2013 ክረምት ሁለቱም ለቀቁ፤ ሮበርትሰን ወደ ከፍተኛው ሊግ፣ ወደ ደንዲ ዩናይትድ፤ ሊትል ደግሞ በሰሜን ባሕር ዳርቻ ወዳለች ትንሽ ከተማ ክለብ፣ ወደ አርብሮዝ። የመጀመሪያውን ዓለም ያውቀዋል። የእግር ኳስን ሙያ መረዳት ለሚፈልግ፣ በተለይ ከባሌ ደጋ ሆኖ ለሚያስብ ሰው፣ የበለጠ የሚያስተምረው ግን ሁለተኛው ነው።

የስኮትላንድ ሊግ 42 ክለቦች በአራት እርከን የተደለደሉበት ነው፤ ላይኛው 12፣ ከሥሩ ያሉት ሦስቱ ደግሞ አሥር አሥር ክለቦች ይይዛሉ። ከታች ባሉት ሁለት እርከኖች አብዛኛው ተጫዋች እንጀራው ኳስ ብቻ አይደለም። ቀን በሥራው ይውላል፣ በሳምንት ሁለት ምሽት ይሠለጥናል፣ ቅዳሜ ይጫወታል። ለአርብሮዝ የክንፍ ተጫዋች የነበረውና በ2019 የሦስተኛው እርከን ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ቦቢ ሊን ሥራው ቆሻሻ መሰብሰብ ነበር፤ ቅዳሜ በስታዲየም የተጨበጨበለት ሰው በሥራ ቀን የከተማውን ቆሻሻ በመኪና ይጭናል ማለት ነው። ሊትል የገባው ወደዚህ ዓይነት ክለብ ነው። በገባበት የመጀመሪያ ዓመት ቡድኑ ወደ አራተኛው እርከን ወረደ። እሱ አልሄደም። በ2017 አራተኛውን፣ በ2019 ሦስተኛውን እርከን በሻምፒዮንነት አጠናቀው ወደ ሁለተኛው ወጡ። ለአንድ ክለብ ከ300 በላይ ጨዋታ ተሰልፏል። ከሮበርትሰን ጎን ሲታይ ይህ የቀረ ሕልም ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ተከላካይነት እንደ ሙያ በትክክል የሚበስለው እንዲህ ባለው ዕድሜ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የተከላካይ ችሎታ ዋናው ክፍል ከእግሩ ይልቅ በመቆየት የሚገኝ እውቀት ነው።

አጥቂ የትም ቢሄድ ግብ ግብ ነው፤ ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። የመሃል ተከላካይ የሚያውቀው ግን ከሰውና ከቦታ ጋር የተሳሰረ ነው፦ ግብ ጠባቂው በየትኛው ኳስ ላይ እንደሚወጣ፣ አጠገቡ ያለው ተከላካይ ወደ የትኛው እግሩ ሲዞር እንደሚዘገይ፣ የመስመር ተከላካዩ ወደ ፊት ከሄደ በኋላ ስንት ሰከንድ ክፍት እንደሚተው። ሜዳውም አለ። የአርብሮዝ ሜዳ ጌይፊልድ ከባሕሩ ጥግ የተሠራ ነው፤ ማዕበሉ ሲብስ ውሃው አጥሩን ዘልቆ ይረጫል። እዚያ በነፋስ ላይ የተመታ ረጅም ኳስ አየር ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከነፋስ ጋር ሲመታ ደግሞ ተከላካዩን አልፎ ወደ ግብ ጠባቂው ይበራል። አስቀድሞ ዘሎ ቴስታ ሊመታ የተነሳ እንግዳ ተከላካይ ከኳሱ በታች ባዶውን ይወርዳል። ባሌ ላይ ነገሩ በሌላ መልክ ይመጣል። ሮቤ ከባሕር ጠለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጎባ ከዚያም ትልቃለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የሚይዘው ስለሌለ ግብ ጠባቂ የለጋው ኳስ ይርቃል፣ የቅጣት ምትም ቆላ ላይ የሚጠመዘዘውን ያህል አይጠመዘዝም። ስለዚህ እዚህ የሚጫወት ተከላካይ ኳሱ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ማለትን ልማድ ማድረግ አለበት፤ ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ ሰው ይህን እስኪለምድ ብዙ ኳስ በራሱ ላይ ያልፋል። ይህ ደግሞ ኮርስ ተሰጥቶበት ሳይሆን ተደጋግሞ ተሸውዶ የሚለመድ ነው።

በቆይታ የተገነባ መከላከል ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለማየት የ2021/22ን የስኮትላንድ ሁለተኛ እርከን ማየት ይበቃል። በዲክ ካምቤል የሚሠለጥነው አርብሮዝ፣ ሊጉ ውስጥ ካሉት የሙሉ ጊዜ ክለቦች ጋር በትርፍ ጊዜ ተጫዋቾች እየተፎካከረ፣ ዋንጫውን እስከ መጨረሻው ሳምንታት ድረስ ከኪልማርኖክ ጋር ተናነቀ። ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ለማደግ በተደረገው ማጣሪያ ከኢንቨርነስ ጋር ሁለት ጊዜ ተገናኝቶ ሁለቱም ያለ ግብ፣ ሁለተኛው በጭማሪ ሰዓት ጭምር፣ አለቁ፤ 210 ደቂቃ መረቡን ሳያስደፍር በፍጹም ቅጣት ምት ወደቀ። እንዲህ ዓይነት ውጤት አጋጣሚ ነው የሚል ይኖራል። የትርፍ ጊዜ ተጫዋች ብቃቱ ዝቅ ያለ መሆኑም እውነት ነው፤ ፍጥነትና ጉልበት በሳምንት ሁለት ምሽት አይገነባም። ነገር ግን ሬንጀርስ ከከሠረ በኋላ በ2012 ወደ አራተኛው እርከን በተጣለበት የውድድር ዓመት፣ በአይብሮክስ ስታዲየም በትርፍ ጊዜ ተጫዋቾች በተዋቀረው አናን 2 ለ 1 ተሸንፏል። የጉልበት ልዩነት ያህል የቡድን ትውውቅም ይመዝናል ማለት ነው፤ ትውውቁ ከሁሉ በላይ የሚታየው ደግሞ በመከላከል መስመር ላይ ነው። 

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያለው ከፍተኛ ሊግ ደረጃው የሚናቅ አይደለም። ጅማ አባ ጅፋር ከእሱ አድጎ በመጣበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ንግድ ባንክም በ2016 ዓ.ም. ይህንኑ ደገመው፤ ከሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ያደገው ኢትዮጵያ መድን በ2017 ዓ.ም. ዋንጫውን ወሰደ። በአንጻሩ ከንግድ ባንክ ጋር አብረው ያደጉት ሻሸመኔና ሀምበሪቾ በዚያው ዓመት ተመልሰው ወረዱ። በሁለቱ እርከኖች መካከል ያለው ገደል ከምናስበው ያነሰ ነው፤ የጎደለው ቆይታ ነው። ተጫዋች በአጭር ውል ይፈርማል፣ ክረምት ሲመጣ ዝውውሩ ይደራል፣ መስከረም ላይ የመከላከል መስመሩ በአዲስ ሰዎች ይተካል። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከ ማበጀት የተደረሰው ክለቦች ከአቅማቸው በላይ ይከፍሉ ስለነበረ ነው። ክፍያው የሚመጣው ግን ከከተማ አስተዳደር በጀት ወይም ከአንድ ድርጅት ካዝና በመሆኑ፣ ካዝናው ሲነጥፍ ቡድኑም አብሮ ይነጥፋል።

ለተከላካይ ደግሞ ሌላ ጉዳት ተጨምሯል። ውድድሩ ቡድኖች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው እንዲጫወቱ ተደርጎ ሲካሄድ፣ ክለቡ በስሙ የከተማ ክለብ ይሁን እንጂ የራሱ የሚለው ሜዳ አይኖረውም። ወጪ ይቀንሳል፣ ጸጥታውም ይቀላል፤ ይህ ምክንያት የሚጣል አይደለም፣ በተለይ መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነባቸው ዓመታት። ሆኖም በነፋሱ፣ በከፍታውና በሣሩ ላይ የሚሠራው እውቀት ዋጋ ያጣል። በታችኛው እርከን ቴሌቪዥን የለም፤ ተከላካይ ያቋረጠውን ኳስ የሚቆጥርለትም የለም። በመጨረሻ የሚቀረው ምስክር አሠልጣኙና አብሮት የተሰለፈው ሰው ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ክለብ ሲቀይር እሱንም ያጣዋል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል፦ ስኮትላንድ ሀብታም አገር ናት፣ ርቀቱ አጭር ነው፣ ማታ ሥራ ጨርሶ ወደ ልምምድ የሚሄድ ሰው መኪና አለው፤ ያንን ወደ እኛ ማምጣት ቅዠት ነው የሚል። የመጀመሪያው ክፍል ትክክል ነው። ሁለተኛው ግን የራሳችንን ታሪክ ይዘነጋል። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ለብዙ ዘመን የቆመው በመሥሪያ ቤት ክለቦች ነበር፤ መብራት ኃይል፣ መድን፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ፤ ስማቸው ራሱ ቀጣሪው ማን እንደሆነ ይናገራል። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው መብራት ኃይል ነው። ተጫዋቹ የድርጅቱ ሠራተኛ ሲሆን ጫማውን ከሰቀለ በኋላም ደመወዙ አይቋረጥም፤ ጉልበቱ ቢጎዳም ወንበር ይጠብቀዋል። ያ አሠራር ጉድለት ነበረበት፤ ሥራ የማይሠራ ሠራተኛ ማብዛቱ አንዱ ነው። እሱን ትተን ሙሉ በሙሉ ባለሙያ ሆነናል ስንል ግን የያዝነው የባለሙያን ደመወዝ እንጂ የባለሙያን ዋስትና አልነበረም።

ሌላው ተቃውሞ ከወጣቶቹ ከራሳቸው ይመጣል፦ ማን ነው ሊትልን ለመሆን የሚመኘው? ሁሉም ሮበርትሰንን ነው። ልክ ነው፣ ምኞት አይከለከልም። ከሮቤ በዶዶላ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የሚያልፍባት በቆጂ ደራርቱንና ቀነኒሳን አፍርታለች፤ የአካባቢው ልጅ ከታች ተነስቶ የዓለም አናት ላይ መድረስን በዓይኑ ያየ ነው። ሯጭ ግን ችሎታውን በሰዓት ያስመሰክራል፤ የሮጠበት ሰዓት የትም አገር ይነበባል። የጎሮ የመሃል ተከላካይ እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም። ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድ ጠባብና በዕድል የተሞላ ስለሆነ፣ ታች መቆየቱም ኑሮ የሚሆንበትን መንገድ ማበጀት የሚጎዳው ማንንም አይደለም። ሮበርትሰንም የወጣው እንዲህ ዓይነት ቦታ ስለነበረ ነው፤ ኩዊንስ ፓርክ ባይኖር በሴልቲክ በር ላይ ይቀር ነበር።

ባሌ ለዚህ ከብዙ አካባቢ የተሻለ አቀማመጥ አላት። ሮቤና ጎባ መካከል ያለው መንገድ 15 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጎሮ ከሮቤ ወደ ጊኒር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ቡድን ጠዋት ተነስቶ ተጫውቶ ማታ ቤቱ ሊገባ ይችላል። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ የጎባ ሆስፒታል፣ የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ቀጣሪዎች ናቸው፤ ከእነሱ የሚወጣ መምህር ወይም የላቦራቶሪ ቴክኒሻን በሳምንት ሁለት ምሽት ቢሠለጥን ማንንም አያስቸግርም። ስንዴው በዓመት ሁለት ጊዜ በሚዘራበት አገር የውድድሩ ቀን አጨዳን ማክበር ይኖርበታል፤ ይህ ከፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት ይልቅ እዚያው የሚኖር ሰው ሊያወጣው የሚገባ መርሐ ግብር ነው። በእርግጥ እንዲህ ያለ ክለብ ጣሪያ አለው። አርብሮዝም እ.ኤ.አ. በ2024 ከሁለተኛው እርከን ወርዷል፤ የሙሉ ጊዜ ክለቦቹ በረቱበት። በ2025 ሦስተኛውን እርከን አሸንፎ ተመለሰ፤ ሲወርድ የማንም ጎጆ ስላልፈረሰ ቡድኑ አልተበተነም። በ2005 ዓ.ም. የአገራችን ሻምፒዮን የነበረው ደደቢት በ2011 ዓ.ም. ወርዶ እስካሁን አልተመለሰም።